ጥንስሱ የሚያድርበት ቤት

በእኛ ከተማ አልጋ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። በየእግሩ ሥር ሦስት ሦስት ብሎኬት አለ። ልጆች በርጩማ ላይ ቆመው ይወጣሉ፤ አሮጊቶችን ልጆቻቸው ደግፈው ያወጧቸዋል። መሬቱ ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አንድ ሻማ ይበራል። ከመተኛታችን በፊት የቤቱ ታላቅ ያየዋል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይተኛል። ካነሰ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ በር ይከፈታል፣ ብርዱ ይገባል፣ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሲያድር ይህ ነገር ግራ ያጋባዋል። «ምነው አልጋችሁ እንዲህ ቆጥ አከለ?» ይላል። «ከብርዱ ለመሸሽ ነው» እንለዋለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ የለምና ያምነናል።

ልማዱ የጀመረው በእህቴ በስንዱ ቤት ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ያየሁትን እጽፋለሁ።

የመጨረሻው የናፍጣ ቦቴ በከተማችን ሲያልፍ ገና ልጅ ነበርኩ። ከዚያ የመጡት የባትሪ መኪኖችም ባትሪያቸው አርጅቶ፣ ምትክ ጠፍቶ፣ በየግቢው የዶሮ ማደሪያ ሆነው ቀሩ። ጥንስሱ የደረሰልን ያን ጊዜ ነው። ከከተማው ዳር አንድ የነዳጅ ሙከራ ጣቢያ ተከፈተና ለየሰፈሩ የተለያየ፣ እየበላ ለመኪና የሚሆን ነዳጅ የሚያወጣ ሕያው ጥንስስ አከፋፈለ። ለላይ ሰፈር አንድ ዓይነት፣ ለታች ሰፈር ሌላ፣ ለገበያ ሰፈር ደግሞ ሌላ። የትኛው ብርዱን እንደሚችል ለማየት ነው አሉን። ጥንስሱ የሚኖረው ከመኪናው ሆድ በሚወጣ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነበር። ጣቢያው ለዕቃው የራሱ ስም ነበረው። ሰው ግን ገንቦ አለው፣ በዚያው ቀረ።

ገንቦው ይበላል። የጠላ አተላ፣ የድንች ልጣጭ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የገብስ ገለባ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ጠዋት የቤቱ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ገንቦው ይቀምሳል። ሲጠግብ ይሞቃል፣ ከውስጡ እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ይሰማል። ውርጭ ካገኘው ግን በአንድ ሌሊት ይሞታል። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየመንገዱ ሹፌሮች ገንቧቸውን ከመኪና አውጥተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ይታያሉ። ሁለት ክፍል ያለው በአንደኛው ያሳድረዋል። አንድ ክፍል ያለው አብሮት ያድራል። ከተማችን ውስጥ ሁለት ክፍል ያለው ሰው ጥቂት ነው።

እኔ ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከሸሚዝና ከሱሪ ይልቅ ገበያዬ የገንቦ ልብስ ነበር። ከብርድ ልብስ ቆርጬ፣ ወገቡ ላይ ገመድ አስገብቼ እሰፋለሁ። ለአማቼ፣ ለስንዱ ባል ለደጀኔ የሰፋሁለት ቀይ ነበር። ስንዱ አይታው፣ «ለእኔ ካፖርት ስፋልኝ ካልኩህ ስንት ክረምት አለፈ? ለገንቦው ሲሆን በሁለት ቀን ትጨርሳለህ» አለችኝ።

«አንቺ መኪና አታስነሺም» አለ ደጀኔ።

«አንተን ግን በየጠዋቱ የማስነሳህ እኔ ነኝ» አለችው።

ደጀኔ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ትንሽ ልጅ ነበረቻቸው፣ ሶልያና። ደጀኔ ገንቦውን አቅፎ ሲገባ ልጅቱ እየሮጠች ሄዳ በገንቦው ላይ ጉንጯን ታሳርፋለች። ከአባቷ ይልቅ የሚሞቀው እሱ ነበርና።

ጣቢያው ያዘዘን አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአንዱን ሰፈር ጥንስስ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ። ሰናይት የምትባል የጣቢያው ሠራተኛ በየጊዜው እየዞረች ትጠይቃለች።

«ለማንም አልሰጣችሁም አይደል?»

«ኧረ ለማን እንሰጣለን» ትላለች ስንዱ። በዚያው ሰዓት ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች ጣሳዋን በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ በር ስትወጣ አይቻታለሁ። የእትዬ አሰገደች ባል ጋሽ ሞላ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ጥንስሱ በብርድ ሞቶበት፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጎረቤት በጠዋት ጣሳ ይዞ በርህ ላይ ሲቆም ምን ትለዋለህ? እናቶቻችን የጠላና የሊጥ እርሾ ሲለመኑ «የለም» ብለው አያውቁም። እርሾ የሚከለክል ሰው ቤት ጎረቤት አይደርስም፣ ለቅሶውን ብቻውን ነው የሚያለቅሰው። ገንቦ ውስጥ ስለገባ ሌላ ነገር ሆነ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እንዲህ እየሆነ የላይ ሰፈሩ ወደ ታች ወረደ፣ የታቹ ወደ ገበያ ሄደ። የሄደው ሁሉ ሲዞር ቆይቶ ወደ ሰጪው ቤት ተመለሰ። ሲመለስ ግን ያው አልነበረም። ጉልበቱ ጨምሮ ነበር። ደጀኔ አንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ ሚኒባሱን ግቢ ሳያስገባ ከውጭ ተጣራ።

«ስንዱ! የጣርማ በርን አቀበት ሳልቆም ወጣሁት። ሰው ጭኜ፣ ሽንኩርት ጭኜ፣ አንዴም ማርሽ ሳልቀንስ።»

«ሽንኩርቱን ለእኛም አምጥተሃል?»

«ስለ ሽንኩርት ነው ያወራሁሽ?»

ሌላም ለውጥ ነበር። በመጀመሪያው ጥንስስ ቤቱ በሙሉ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። ሴቶቹ በዚህ ይማረሩ ነበር፤ ልብሱ፣ እንጀራው፣ የልጁ ፀጉር ሳይቀር ይሸታል። አዲሱ አይሸትም። ምንም አይሸትም። ስንዱ በጣም ነበር ደስ ያላት። ገንቦውን ከበሩ ጥግ አንስታ ወደ ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ አስጠጋችው።

በሐምሌ ጥንስሱ ታመመ። አይበላም፣ ድምፁም ቀጠነ። ደጀኔ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ አጠገቡ ተኛ፤ እየተነሳ ለብ ያለ የስኳር ውኃ ሊያጠጣው። ስንዱና ሶልያና አልጋው ላይ ነበሩ። ጠዋት ስንዱ ስትነሳ ገንቦው ድኗል። በደንብ ያንኮራፋል። ደጀኔ ግን አልተነሳም።

ፊቱ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ደጀኔ ወፍራም ሰው ነበርና ሁላችንም ልብ ነው አልን። አስከሬኑን ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደው የራሱ ሚኒባስ ነው፤ ባዳነው ጥንስስ። የነዳው ጋሽ ሞላ ነበር። ሲመለስ ገንቦውን አወጣና በቀዩ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ቤት አስገባው፣ ደጀኔ እንደሚያደርገው። ቦታው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሌላ ምን ይደረጋል?

እድሩ ድንኳን ጣለ። ወንዶች ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶች ቤት ውስጥ ሆኑ። ስንዱ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ሐዘንተኛ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ የሐዘንተኛ ወዳጅም ከሐዘንተኛው ከፍ ብሎ አይቀመጥም። እትዬ አሰገደች ጎኗ ሆነች። ሌሎቹ ሴቶች ዙሪያውን ተኮልኩለው መሬቱን ሞሉት። ወንበር ላይ የነበሩት የጋሽ ሞላ እናት እማማ ይመኙሻል ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከስንዱ ፊት በአጭር የእንጨት ዱካ ላይ የደጀኔ ፎቶ ተቀመጠ፣ ከፎቶው ፊት ሻማ።

ንፍሮ ከየቤቱ መጣ። ስንዴ ነው፣ ባቄላ ነው፣ ሽምብራ ነው፣ በየሳፋው። ሰው የሚችለውን በላ፣ ብዙ ተረፈ። የለቅሶ ንፍሮ ደግሞ አይደፋም።

«ለገንቦው እንስጠው እንዴ?» አለች እትዬ አሰገደች።

ስንዱ ቀና ብላ ገንቦውን አየችው። «ስጡት» አለች። «ደጀኔ ራሱ ሳይበላ እሱን ያበላ ነበር።»

ሰጡት። በማግስቱም የተረፈውን ሰጡት። ገንቦው እንደዚያ በልቶ አያውቅም። ቀዩ ልብስ እስኪወጠር አበጠ፣ ድምፁ ከበር ውጪ ይሰማ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሆነን ስንሰማው ጋሽ ሞላ፣ «ለደጀኔ የሚያለቅስለት ይመስላል» አለ። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን።

በሰልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ድንኳኑን ይደበድበው ጀመር። ነፋሱም በረዶውን ወደ ቤት ይነዳው ነበርና ሴቶቹ በሩን ዘጉት። እኔ ከበሩ አጠገብ ድንኳኑን ደግፌ ቆሜአለሁ። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ትንሽ ቆይቶ በሩ በጠባቡ ተከፈተና እትዬ አሰገደች አንገቷን አወጣች።

«ግዛቸው፣ ክብሪት አለህ?» አለችኝ።

«አሁን አልሰጠሁሽም እንዴ፣ እትዬ?»

«አለቀ። ሻማው እምቢ አለ። ለኩሼው ዞር ሳልል ይጠፋል። ደጀኔ ነው መሰለኝ። በሕይወቱም ‹መብራት አጥፉ፣ መብራት አጥፉ› እያለ አይደል የኖረው።»

ጋሽ ሞላ ከካርታው ቀና አለ። «ሰውየውን ሞቶም አትለቂውም?»

«አንተ ካርታህን ተጫወት። በረዶው ሲያቆም ልቅሶ ላይ ተቀምጠህ ስንት እንደበላህ እጠይቅሃለሁ።» ግንባሯን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። «ራሴን ከብዶኛል። ልቅሶው ነው።»

ክብሪቱን ተቀብላ ገባች። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ሞላ ሚስቱ ስትናገር የሰማው ያን ጊዜ ነው፣ የመጨረሻው።

በረዶው ቀጠለ። ከውስጥ ሲሰማ የነበረው ልቅሶ እየቀነሰ መጣ። በመጀመሪያ የሙሾ አውጪዋ ድምፅ ቀረ፣ ከዚያ የሌሎቹ፣ ከዚያ የእህቴ። የገንቦው ማንኮራፋት ብቻ ቀረ። በረዶው ረገብ ሲል ጋሽ ሞላ እጁን አነሳ።

«ዝም በሉ እስቲ። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም።»

እውነቱን ነበር። ሁላችንም ዝም አልን። የሚጫወቱት ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሳያጋጩ ቀስ ብለው ማስቀመጥ ጀመሩ። አንድ ሰው ሊያስነጥሰው ሲል አፍንጫውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። በሹክሹክታ አወራን። ይህን ሁሉ ያደረግነው ስለምንወዳቸው ነው። አሁንም ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ያ ሁሉ ወንድ፣ በር ላይ፣ ሆን ብሎ ዝም ያለ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ግን አያውቅም።

ሻይ ሲፈላ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ እንዳልቀሰቅሳቸው ነው። በሩን በትከሻዬ ቀስ ብዬ ገፋሁት። እማማ ይመኙሻል ወንበራቸው ላይ ሆነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ» አሉኝ። «ተኝተዋል።»

ሁሉም ተኝተዋል። ተደጋግፈው፣ አንዷ በአንዷ ትከሻ ላይ። ስንዱ ወደ ግድግዳው አዘንብላለች። እትዬ አሰገደች ዱካው ላይ ወደ ሻማው ጎንበስ ብላ ቀርታለች፣ እጇ ውስጥ ክብሪት አለ፣ ዙሪያዋ የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች ተበትነዋል። ሶልያናን በዓይኔ ፈለግሁ። ከእናቷ ጭን ላይ አልነበረችም። ገንቦው ላይ ወጥታ፣ በቀዩ ልብስ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ጉንጯን አስደግፋ ታየኛለች። ዓይኗ ተከፍቷል።

«አጎቴ፣ ይሞቃል» አለችኝ።

ስንዱ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበርና ላለብሳት ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ስል አየር አጣሁ። ውኃ ውስጥ ራሴን የነከርኩ ያህል ነበር፤ ግን ውኃ አልነበረም፣ ጭስ አልነበረም፣ ሽታ አልነበረም። ማንቆርቆሪያው ወደቀ። ቀና ስል ተነፈስኩ። ያኔ እጇን አየሁት። ጥፍሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ስጮህ ጋሽ ሞላ ገባ፣ ሌሎቹም ገቡ። በየእጃቸው ያገኙትን እየጎተቱ አወጡ። ግቢው ነጭ ነበር። በረዶው ላይ አስተኛናቸው። ንጹሕ አየር ሲነካቸው ከመካከላቸው የነቁ አሉ፤ ሳሉ፣ አስመለሳቸው፣ አለቀሱ። ስንዱ አልነቃችም። እትዬ አሰገደችም አልነቃችም። ሙሾ አውጪዋና አንዲት የሩቅ ዘመዳችንም አልነቁም። ጋሽ ሞላ ሚስቱ ደረት ላይ ጆሮውን አድርጎ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ቆየ። ማንም ሊያስነሳው አልደፈረም። ሶልያናን አቅፌአት ነበር። ከገንቦው ላይ ሳነሳት የልብሱን ገመድ አጥብቃ ይዛ አልለቅም ብላ ነበር።

የጣቢያው ሰዎች መጡ። ሰናይት እያለቀሰች መሣሪያ ይዛ ከቤቱ ወለል ጀምራ ወደ ላይ ለካች። ከጥንስሱ የወጣው ሽታ የሌለው ከባድ አየር ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ በሩ ተከፍቶ እንኳ ከወለሉ እስከ ዱካው ድረስ ሰው የሚተነፍሰው ነገር የለም አለች። ከዚያ በላይ ግን አለ። ወንበር ላይ ያለ ይተርፋል፣ አልጋ ላይ ያለ ይተርፋል። ገንቦ ላይ የወጣ ልጅም ይተርፋል። ደጀኔ ለምን እንደሞተ ያኔ ገባን።

«የማን ጥንስስ ነው ይህ? ከየት ሰፈር ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀችን።

የሁሉም ነበር።

ጣቢያው የመጀመሪያዎቹን ጥንስሶች ሊያገኝ ከቤት ቤት ዞረ። አንድም አልተገኘም። ገንቦ ሁሉ ውጭ ይደር ተብሎ ታዘዘ። ውጭ አደሩ። ውርጩ የየሰፈሩን ጥንስስ አንድ በአንድ ገደለው። መኪና የሚባል ቆመ። ዱቄት ከወፍጮ አልመጣም። ምጥ የያዛትን የጎረቤት ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል ሳንደርስ መንገድ ላይ ሞተችብን። ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይናገር፣ ሳይታወጅ፣ ገንቦዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቤት ተመለሱ። በአንድ ሩቅ ሰፈር ጥቂት ተርፎ ነበርና በጣሳ በጣሳ ተዳረሰ። ያው ጥንስስ ነው። ማስታወቂያ ወጣ። አልጋ በሁለት ብሎኬት ከፍ ይደረግ። ሻማ ወለል ላይ ይብራ። በአንድ ቤት ሁለት ገንቦ እንዳያድር። ዘንድሮ ብሎኬቱ ሦስት ሆኗል። ለምን እንደጨመረ አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ለእህቴ ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያለቀሰላት። እኔም ወንበር ላይ ነበርኩ። እንደ ስብሰባ፣ እንደ ቢሮ ወረፋ። ከዚያ ወዲህ በከተማችን መሬት ተቀምጦ ያለቀሰ የለም።

ሶልያና እኔ ጋ አደገች። ልብስ መስፋቱን ትቼ የደጀኔን ሚኒባስ እኔ እነዳለሁ። ሌላ የምንኖርበት ገቢ የለንም። ልጅቱ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዝምተኛ ናት። ክረምት ሲሆን አልጋዋ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ ገንቦውን ስትነካው አያለሁ፤ ዝም እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት የእናቷ መታሰቢያ ሲቃረብ እራት ላይ እንዲህ አለችኝ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እምቢ አትበለኝ።»

«ምን እንደሆነ ሳልሰማ?»

«ለእማዬ አንድ ቀን መሬት ልቀመጥላት።»

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። «አይሆንም።»

«ያኔ አላለቀስኩላትም። ከላይ ሆኜ ነው ያየኋት። ሁሉም ታች፣ እኔ ላይ።»

«ልጅ ነበርሽ።»

«አሁን አይደለሁም።»

ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሲመሽ ገንቦውን አወጣሁት። ጋሽ ሞላ ጋ እንዳላሳድረው የእሱ ገንቦ አለ፣ ሁለት አይሆንም። ልብሱን ገፈፍኩትና ከሚኒባሱ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሶልያና በመስኮት ታየኝ ነበር። ልብሱን አጣጥፌ ስገባ ከእጄ ተቀብላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ጠዋት ገንቦው ላይ ውርጭ ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝም ብሏል።

በሩንና መስኮቱን ከፍተን ቤቱን አናፈስነው። ሻማውን ወለሉ ላይ ለኮስኩ። ቀጥ ብሎ ነደደ። ሶልያና ፍራሹን አነጠፈች፣ የእናቷን ፎቶ ዱካ ላይ አደረገች፣ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ትልቅ ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም ከወንበሩ ወርጄ ጎኗ ተቀመጥኩ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። እዚያ ሆኜ እያንዳንዱን ትንፋሽ እየቆጠርኩ ነበር የምወስደው።

ልቅሶው ወደ ውጭ ተሰማ። አንዲት ጎረቤት በር ላይ መጥታ ቆመች። ሻማውን አየች፣ ገንቦው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች። ጫማዋን አውልቃ ገብታ መሬት ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ መጣች። ከሰዓት በኋላ ወለሉ ሞላ። ያን ቀን በበረዶው ላይ ከነቁት ሁለቱ መጥተው ነበር። ከሴቶቹ ዓይኗን ከሻማው ላይ ያነሳች አልነበረችም። ግን አለቀሱ። ለእህቴ፣ ለእትዬ አሰገደች፣ ለሁሉም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሞላ ነበር። ሸብቷል፣ ጀርባው ጎብጧል። ከጋቢው ሥር አንድ ነገር በሁለት እጁ ይዟል።

«ግባ ጋሽ ሞላ።»

«አልገባም፣ ሴቶች ናቸው» አለ። ጋቢውን ገለጥ አደረገው። ጣሳ ነው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። «ጥንስስህ ሞተ አሉኝ። ከእኔው ቀነስኩልህ። ጥሩ ነው፣ ሰሞኑን በደንብ እየበላ ነው።»

እጄ አልተነሳም።

«ጋሽ ሞላ፣ ዛሬስ…»

«ነገ የሕሙማን ማመላለሻ ተራ ያንተ ነው። የታች ሰፈር ያቺ ልጅ ልትወልድ ደርሳለች። በምን ትወስዳታለህ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞም ያኔ አሰገደች ስትለምን እህትህ ሰጥታታለች። አሰገደች ብትኖር ባዶ እጄን ትልከኝ ነበር?»

በሁለት እጄ ተቀበልኩት። እንዲያ ሲሰጥህ በአንድ እጅ አትቀበልም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ጣሳው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቅ ነበር። ክዳኑ ሥር ያች የማውቃት ድምፅ አለች፣ ቀጭን፣ የምትቀጥል። ሽታ አልነበረውም።

ሶልያና ከፍራሹ ተነሳች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። አልጋዋ ሥር ጎንበስ ብላ ቀዩን ልብስ አወጣች።

«ስጠኝ አጎቴ፣ እኔ ልያዘው» አለች። «በርዶታል።»

ጣሳውን ከእጄ ወሰደችው፣ በቀዩ ልብስ ጠቀለለችው፣ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ተመልሳ ቦታዋ ላይ፣ መሬት፣ ከእናቷ ፎቶ ፊት ተቀመጠች። ጉንጯን አሳረፈችበት። ዓይኗን ከደነች።

ውጪ ብርዱ እየበረታ ነበርና አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ሴቶቹ ልጅቱን አዩ፣ ጣሳውን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ከመሬት የተነሳ የለም። ሻማው ቀጥ ብሎ ይነድ ነበር። ልቅሶውን ትተን፣ ሁላችንም እሱን እያየን ቁጭ አልን።